አበምኔቱ እጅ ላይ ያፈሰስኩት ምስር ወጥ

የቡዲስት አበምኔት እጅ ላይ ምስር ወጥ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ወሬው እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ላይ ባለው ሐበሻ መሃል ሲዞር መልኩን ቀይሯል፤ አንዳንዱ "በንዴት ደፋችባቸው" ይላል፣ አንዳንዱ "አጋንንት ልታስወጣ ነው" ይላል። ውሸት ነው። ያፈሰስኩት በእንግዳ አክባሪነት ነው። ደግሞ "አቃጠለቻቸው" የሚሉም አሉ። ከፌርፋክስ ተነስቶ ኖርዝ ሆሊውድ ድረስ በመኪና የተጓዘ ወጥ ማንን ያቃጥላል? ለብ ያለ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። የምንኖረው ቫን ናይስ ነው፣ እኔና አንድ ልጄ። አባቱ የሞተው ልጁ ገና ዳዴ ሲል ነው። ዲቪ ደርሶኝ ይዤው መጣሁ፣ አሳደግሁት፣ እሑድ እሑድ ቸርች ወሰድኩት፣ ኮሌጅ ጨረሰ፣ ግሌንዴል አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዘ። ምን እንደሚሠራ ዛሬም በደንብ አላውቅም፣ ብቻ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጥላል። እናት ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ሚስት። እሷንም እየፈለግሁለት ነበር።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ እጅ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በኛ ማዕድ "በቃኝ" የሚል ሰው አይታመንም። እንግዳው በቃኝ ይላል፣ አስተናጋጇ "በሞቴ" ትላለች፣ እንግዳው "ኧረ በፍጹም" ብሎ እጁን ሳህኑ ላይ ይዘረጋል፣ እሷ በጣቶቹ መሃል ጨልፋ ታፈስለታለች፣ እሱም ይበላል። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። እኔ በዚህ ሞያ ጸጉሬ ሸብቷል። የእውነት የጠገበ ሰው ምልክቱ ሌላ ነው፤ ወንበሩን ወደኋላ ይገፋል፣ ቀበቶውን ይነካካል፣ ስለ ፖለቲካ ማውራት ይጀምራል። እጁን ሳህን ላይ የሚዘረጋ ግን ርቦት ያፈረ ሰው ነው። ይሄን ምልክት አምኜ ስንቱን ይሉኝተኛ አጥግቤአለሁ።

አንድ እሑድ ከቸርች በኋላ ልጄ ምግብ ቤቱ መጣ። ምሳ አቀረብኩለትና አጠገቡ ቁጭ ብዬ አጎረስኩት። ሁለተኛውን ስጠቀልል "ማሚ፣ በቃኝ" አለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሰደድኩት። ሦስተኛውን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ። የምነግርሽ ነገር አለ። ሥራዬን ክዊት አድርጌአለሁ። ገዳም ልገባ ነው።"

"ገዳም? ኦርቶዶክስ ልትሆን?" አልኩ ደንግጬ። እኔ ጌታን ካገኘሁ በኋላ ከዚህ የባሰ የሚያስደነግጥ ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር።

"ኖ። ቡዲስት።"

ምነው ኦርቶዶክስ ቢሆንልኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ ጂም እሄዳለሁ እያለኝ ኖርዝ ሆሊውድ ያለ የታይላንዶች ቤተ መቅደስ እየሄደ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ነበር። ይሄ ሁሉ ጂም ምነው ጡንቻ አላወጣልህም እያልኩ ፕሮቲን የምገዛለት እኔ ነኝ!

"ለስንት ጊዜ?" አልኩት።

"ለክረምቱ። መነኮሳቱ በዝናቡ ወራት አንድ ቦታ ሱባዔ ይገባሉ። ዝናቡ እስኪያልቅ እሆናለሁ፣ ከዚያ እዛው እንደምቀር ወይ እንደምወጣ እወስናለሁ።"

"የምን ዝናብ?"

ጁላይ ሊገባ ነው። ካሊፎርኒያ ድርቅ ላይ ናት። ከተማው ሳር አታጠጡ እያለ ነው፣ የአፓርታማችን ግቢ ቡናማ ሆኗል። ልጄ ደግሞ ዝናቡ እስኪያልቅ ይላል! ዝናቡ ሳይጀምር እንዴት ያልቃል? "ታይላንድ ሲዘንብ ነው የሚቆጠረው" አለኝ። እዚህ ላይ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ገባኝ። ሐምሌ ሲገባ ክረምት ነው የሚል ሕዝብ በዚህ ከተማ እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ግን መረዳት ሌላ፣ ልጅን መስጠት ሌላ። ክረምቱ ኦክቶበር ላይ ያልቃል። እስከዚያ ልጄን ካላስወጣሁ አጣዋለሁ አልኩ።

ለካሸሯ ነገርኳት። እዚያው ምግብ ቤት ካሽ ሬጅስተሩ ላይ የምትሠራ፣ ቸርችም አብረን የምንሄድ ጓደኛዬ ናት። አልቅሳ ስታበቃ "ጾም ጸሎት እንያዝ" አለች። ያዝን። እኔ ግን ጸሎት ብቻውን ይዘገያል ብዬ ምግብም ጨመርኩበት። ልጄ የኔን እጅ ያውቃል። በየቅዳሜው አሳምሬ ሠርቼ ብወስድለት፣ አንድ ቀን ጉርሻው ልቡን ይሰብረዋል፣ ያን የመነኮሳቱን ቢጫ ልብስ ጥሎ ይወጣል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መነኩሴ ጾመኛ ነው ብዬ የጾም ብቻ ሠራሁ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ። በአልሙኒየም ትሪ አሽጌ፣ በሎሬል ካንየን የተራራ መንገድ ተጠማዝዤ ወርጄ፣ ፓርክ አድርጌ ስገባ መነኮሳቱ የተጠበሰ ዶሮ ከፊታቸው ተደርድሮላቸው ተቀምጠዋል። ዶሮ! እኔ ጾሜን ይዤ፣ መነኩሴው ዶሮ!

ልጄን ያወቅሁት በጆሮው ነው። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ቅንድቡም ተላጭቷል። ሮጬ ላቅፈው ስል አንዲት የታይላንድ ሴት መሃላችን ገባች። የግቢውን ወጥ ቤት የምትመራ፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። መነኩሴ በሴት አይነካም። "እናቱ ነኝ" አልኳት። እናትም ብትሆን። ምግብም ከሴት እጅ ወደ እጁ አይቀበልም፤ ፊቱ ትንሽ ጨርቅ ያነጥፋል፣ ሳህኑን እዚያ ላይ ታስቀምጪለታለሽ፣ እሱ ከጨርቁ ላይ ያነሳል። ሳህኑ ውስጥ ልጨልፍለት ግን ይቻላል።

"ታዲያ ጉርሻስ?" አልኳት። ጉርሻ ምን እንደሆነ በእጄ አሳየኋት። ሴትዮዋ በጣም ሳቀች።

ከዚያ እጄን ይዛ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ጀመረች። እነሱ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚመነኩሰው ለእናቱ ነው አለች፣ ዋናው ጥቅም ለእናት ነው፣ የልብሱን ጫፍ ይዘሽ ሰማይ ትገቢያለሽ። "የኔ ሰማይ በሌላ በር ነው" አልኳት፣ ግን አልገባትም። ቀጥላም ለልጅሽ መስገድ አለብሽ፣ ስታናግሪውም በአክብሮት ነው አለችኝ።

እንዴ! ይሄን አፍንጫውን የጠረግሁለትን ልጅ አንቱ ልበለው? አባ ልበለው? በስንተኛው ገዳም፣ በየትኛው አገር ነው እናት ልጇን አባ የምትለው? "አንተ፣ ና ብላ!" አልኩት ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። እሱም አንገቱን ደፋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል፣ ያን ዕለትም ቀላ።

ወጡን ያፈሰስኩት ያን ዕለት ነው። በንዴት አይደለም ያልኩትን አትርሱ። መነኮሳቱ በተራ ተቀምጠዋል፣ ሳህናቸው ጎድጓዳ ብረት ነው። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ጭልፋዬን ይዤ ከዳር ጀመርኩ። አበምኔቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ጭልፋ አደረግሁላቸው። ሁለተኛውን ስጨልፍ እጃቸውን ሳህናቸው ላይ ዘረጉ።

እጅ! ሳህን ላይ!

ወይ እኚህ ሽማግሌ፣ ለካ ይሉኝታ እዚህም አለ ብዬ ሆዴ ባባ። "በሞቴ አባቴ" አልኳቸውና በጣቶቻቸው መሃል አፈሰስኩ። ያገሬ ሰው ቢሆን ጣቱን ከፈት ያደርግ ነበር። እሳቸው ጣታቸውን ግጥም አድርገው ኖሯል። ምስሩ እጃቸው ላይ ቀረ፣ በእጅ አንጓቸው ዞሮ ወደ ልብሳቸው ወረደ።

አበምኔቱ እጃቸውን አዩት። እኔም አየሁት። ይልሱታል ብዬ ጠበቅሁ፣ ማንም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። ለካ እጅ መላስ በሕጋቸው ክልክል ነው! ስለዚህ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፣ ወጡ ጠብ ጠብ ይላል፣ እኔ ጭልፋዬን ይዤ ቆሜአለሁ። "ይጨመር?" አልኳቸው ባማርኛ። ሌላ ምን ይባላል? ያቺ ሴትዮ በመጨረሻ ፎጣ ይዛ ሮጣ መጣች። አበምኔቱ ፎጣውን ከጨርቁ ላይ አነሱና እጃቸውን እየጠረጉ ለልጄ የሆነ ነገር አሉት።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"'ደግ ሴት ናት፣ ግን አትሰማም' አሉ።"

ከምግቡ በኋላ ልጄን ላናግረው ጠየቅሁ። ይቻላል፣ ግን ሌላ ወንድ መኖር አለበት። እናቱ ብሆንም! አንድ የታይላንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወንበር ይዘው መጡና ከመሃላችን ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እያንኮራፉ ነው የጠበቁን።

"ምን አጎደልኩብህ?" አልኩት።

"ምንም። ማሚ፣ ካንቺ አይደለም የሸሸሁት። ዲዛየርና አታችመንት ሴም አይደሉም፣ እሱን ለመማር ነው።"

"አማርኛ አውራኝ። መላጣህን ካየሁ ወዲህ እንግሊዝኛ ጠፍቶብኛል።"

አማርኛው አይበቃውም፣ የልጅነት አማርኛ ነው። ተንተባተበ። "ዲዛየር መፈለግ ነው። መመኘት። አታችመንት ደግሞ፣ ሶ፣ አንድ ነገር ይዞ አለመልቀቅ።"

"ሙጥኝ ማለት?"

"ሙጥኝ ምንድነው?"

"ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አለቅም ማለት።"

"የስ! እሱ!" አለ ደስ ብሎት። "ሰው ሁሉ ቡዲስት ምንም አይፈልግም ይላል። ኖ። እኔ አሁንም እፈልጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ይርበኛል፣ ያንቺን ሽሮ አስባለሁ። ጥሩ መፈለግም አለ፤ ለመማር መፈለግ፣ ሰው ደህና እንዲሆን መፈለግ። እጅሽን ስትዘረጊ መፈለግ ነው። ፕሮብሌሙ እጅሽ ሲጨብጥና እምቢ ሲል ነው። የሚፈልግ ሰው ነገሩን ሲያጣ ያዝናል፣ አልቅሶ ይተኛል። ሙጥኝ ያለ ሰው ግን ሲያጣ 'እኔ ማን ነኝ?' ይላል።"

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ያጎረስኩት ልጅ ስለ እጅ ያስተምረኛል!

"ስማ" አልኩት። "እናት ማለት ሙጥኝ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ያገርህ ሰው ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ብሏል። ካላስጨነቀ ፍቅር አይደለም!"

"ማሚ፣ ያነቀውስ ሰው?"

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፣ ልማዴ ነው። ተነስቼ ትሪዬን ሰብስቤ በሩን በኃይል ልዘጋ ስል ተንሸራታች በር ሆነብኝ። ሽማግሌው መነኩሴ እንኳን አልነቁም።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በየቅዳሜው እየማልኩ ሄድኩ፤ ይሄ የመጨረሻዬ ነው፣ ዛሬ ይዤው ካልወጣሁ አልመለስም እያልኩ። አንድ ቅዳሜ ካንየኑ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ተዘጋና እኩለ ቀን አልፎ ደረስኩ። መነኩሴ ከእኩለ ቀን በኋላ ምግብ አይቀምስም። "አምስት ደቂቃ ናት!" አልኩ። የለም። "እሺ ሰዓታችሁን ወደኋላ አዙሩት!" የለም። የልጄን ዱባ ወጥ የታይላንድ አሮጊቶች እየተሻሙ ሲበሉት ዓይኔ እያየ ቆምኩ። አንዷ ቃሪያ የለውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ቃሪያ የለውም ወይ! እኔን! የሚቀጥለው ቅዳሜ በርበሬውን ከፍ አድርጌ፣ ሚጥሚጣ ነስንሼ ወሰድኩ። እንባቸው እየወረደ በሉና ይጨመር አሉ። በእልህ ሌላ ጨመርኩ። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ሽሮ አሠራር ልማር አለች፣ እኔ የእነሱን ሩዝ አፈላል ተማርኩ። ኦገስት ሲጋመስ መደርደሪያው ላይ የራሴ ድስት፣ የራሴ ሽርጥ ነበረኝ። አበምኔቱ ብቻ እኔ ስደርስ ግራ እጃቸውን ልብሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ልጄ ደግሞ ያው ነው፤ ጨርቁን ያነጥፋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ በዝግታ ይበላል፣ አይወፍርም፣ አይወጣም። ፊቱ ላይ ግን ግሌንዴል ሲሠራ ያላየሁት ነገር ነበር። ላለማየት ወጡን አማስል ነበር።

ካሸሯ አንድ ቀን የጫንኩትን ትሪ ቆጥራ ስትጨርስ "አንቺ፣ ልጅሽን ልታስወጪ ሄደሽ የገዳሙ ቀላቢ ሆነሽ ቀረሽ እኮ!" አለችኝ። "እኛ እዚህ በጾም አንጀታችን ይታጠፋል፣ አንቺ እዚያ መነኮሳቱን ታወፍሪያለሽ!"

"ዝም በይ፣ ስልት ነው" አልኳት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምትም መጣ፣ ያልዘነበው ዝናብ አባራ። ሱባዔው ባለቀ በማግሥቱ ፌርፋክስ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላሁ "ማሚ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ልጄ በር ላይ ቆሟል። ጂንስ ለብሷል፣ ወገቡ ሰፍቶበት በእጁ ይዞታል፣ ቅንድቡ መብቀል ጀምሯል።

"መጣሁ" አለ።

እልልታዬን ኦሎምፒክ መንገድ ድረስ የሰሙት አሉ። ሽንኩርቱ አረረ፣ ይረር! አቀፍኩት፣ ሳምኩት፣ መላጣውን ዳሰስኩት። ካሸሯ "ጌታ ሰማን! ጌታ ሰማን!" እያለች ደንበኞቹ መሃል ተንበረከከች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምንም አልደብቅም፣ አሸነፍኩ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

አስቀመጥኩትና ሳህን ሞላሁለት። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ያንን ያህል ጊዜ በጨርቅ ላይ ስሰጥ ከርሜ ጣቴ ከንፈሩን ሲነካው እንባዬ መጣ። ሁለተኛውን ተቀበለ። ሦስተኛውንም ተቀበለ። ማሚ በቃኝ አላለም፣ እጄን አልያዘም፣ ዝም ብሎ ያላምጣል። ይሄ ልጅ ሦስት ጉርሻ ሳይጣላ በልቶ አያውቅም።

"ገዳሙስ?" አልኩት።

"በቃኝ፣ ማሚ። ጠገብኩ።"

ይሄን ሲል እጁን አነሳና ሳህኑ ላይ ዘረጋ።

ያቺን እጅ አየኋት። ጭልፋ ይዤ ስኖር ስንት ሺህ እንደዚህ ያለች እጅ አይቻለሁ! ግን አበምኔቱም ዘርግተው ነበር፣ እሳቸው የእውነት በቅቷቸው ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ምልክቴ አንድ ጊዜ ዋሽቶኛል። ስለዚህ ወንበሩን አየሁ። ወደኋላ አልገፋውም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጢጥ ብሏል።

"በሞቴ፣ እውነቱን ንገረኝ" አልኩት። "በቅቶህ ነው የወጣኸው?"

ጆሮው ቀላ። "አንቺ ብቻሽን ነሽ" አለ። "በየቅዳሜው በዚያ ትራፊክ ያን ሁሉ ተሸክመሽ ስትመጪ ጉልበትሽን እየያዝሽ ከመኪናው ስትወርጂ አይሻለሁ። ኦኬ ነው ማሚ። እዚህም ሆኜ መቀመጥ እችላለሁ።"

አዘነልኝ። ልጄ አዝኖልኝ ነው የመጣው። ርቦት፣ ሳህኑን በእጁ ሸፍኖ፣ ለኔ ብሎ ጠገብኩ ይላል።

ደሜ ፈላ። ምን ዓይነት ንዴት እንደያዘኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። በኔ ማዕድ ሰው ርቦት በቃኝ ብሎ አይነሳም! ይሄ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፣ የሞያ ጉዳይ ነው። በይሉኝታ የዘረጋትን እጅ ምን እንደማደርጋት ደግሞ አገር ያውቃል።

"ተመለስ" አልኩት።

"ምን?"

"ገዳምህ ተመለስ። አልጠገብክም።"

"ኖ፣ ማሚ፣ በእውነት..."

"በሞቴ።"

"ኧረ ማሚ፣ ተይ..."

"አፈር ስሆን! ቆሜ ለምኜህ እምቢ ልትለኝ ነው? ትንሽ ጨምር። ለኔ ስትል ጨምር!"

ካሸሯ ከተንበረከከችበት ተነሳች። "አበድሽ እንዴ? ጌታ የመለሰልሽን ልጅ?"

"አንቺ ሂሳብሽን ያዢ!" አልኳት። ሽርጤን ፈታሁ።

ልጄ እጁን ሳህኑ ላይ እንዳደረገ አየኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ፊቱ ተጨማደደና እጁን አነሳት።

መኪናውን እኔ ነዳሁ። በሕይወቴ አንድ ቀን ትራፊክ ብመኝ፣ ካንየኑ ባዶ! መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ! ይሄ መንገድ ስንቱን ቅዳሜ አንጀቴን እንዳላሳረረው፣ ያን ዕለት ውሃ እንደፈሰሰ ወሰደን። እኔ ልጄ ቤት እንዲገባ እፈልግ ነበር፣ አጠገቤ ተቀምጦም እፈልግ ነበር፣ ይሄን ስጽፍም እፈልጋለሁ። እሱ እንዳለው ነው፣ መፈለጉ የትም አልሄደም። እጄ ግን መሪውን ይዞ ወደ ኖርዝ ሆሊውድ ያዞር ነበር።

አበምኔቱ በር ላይ አገኙን። እኔን ሲያዩ እጃቸው ልብሳቸው ውስጥ ገባች። "ንገራቸው" አልኩት ልጄን፣ "በቃኝ ያለው ውሸቱን ነው በላቸው።" አፈረ፣ ግን ተረጎመ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቁት፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ እጃቸውን ከልብሳቸው አውጥተው ወደ ውስጥ ግባ አሉት። ደህና ዋል ብዬ ሳልጨርስ ገባ። ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከአንጀቴ አለቀስኩ፣ ያቺ የወጥ ቤት ሴትዮ መስኮቴን አንኳኩታ የሩዝ ጣፋጭ በፌስታል ሰጠችኝ። እያለቀስኩ በላሁት። ስኳር በዝቶበታል።

ልጄ ዳግም የመነኩሴ ልብሱን ከለበሰ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ሽሮ ሠርቼ ሄድኩ። እንደ ወትሮው ከዳር ጀመርኩ፤ አበምኔቱ እጃቸውን ሸሸጉ፣ አለፍኳቸው። ልጄ ጋ ደረስኩ። አንድ ጭልፋ አደረግሁለት። ሁለተኛውን ስጨልፍ እጁን አነሳና ሳህኑ ላይ ዘረጋ። አበምኔቱ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። ያቺ ሴትዮ ፎጣዋን አንስታ ተዘጋጅታለች። አልዋሽም፣ ክንዴ በራሱ ሊያፈስ ዘንበል ብሎ ነበር።

ፊቱን አየሁት። ጆሮው አልቀላም።

"በቃዎት፣ አባ?" አልኩ።

"በቃኝ" አለ።

አመንኳቸውና ወደሚቀጥለው መነኩሴ አለፍኩ።